ቨርጂኒያ ዉልፍና የተዘጋባት በር

ቨርጂኒያ ዉልፍ የተወለደችው በ1882 ዓ.ም. ጃንዋሪ 25 ቀን በሎንዶን ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አባቷ ሌስሊ ስቲቨን በዘመናቸው የታወቁ ሊቅ ሲሆኑ፣ እርሷ በተወለደችበት ዓመት የእንግሊዝን ታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ የሚይዘውን ግዙፍ መዝገብ ማዘጋጀት ጀመሩ። ቤቱ በመጻሕፍት የተሞላ፣ እንግዶቹም ደራስያንና ፈላስፎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ከዚህ የሊቅ ቤት ወደ ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተላኩት ቶቢንና ኤድሪያንን ጨምሮ ወንዶቹ ልጆች ብቻ ናቸው። ቨርጂኒያ ቀረች። ምክንያቱም ድኽነት ወይም የአእምሮ ስንፍና ሳይሆን ሴት መሆኗ ነው።

እርግጥ አባቷ መጻሕፍታቸውን አልነፈጓትም። በሎንዶንም በኪንግስ ኮሌጅ የሴቶች ክፍል ግሪክኛ፣ ላቲንና ታሪክ ተምራለች። ነገር ግን ወንድሞቿ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሌሊቱን ሲከራከሩ የሚያድሩበት ያ የተማሪ ኑሮ አልደረሳትም። ይህ ቁጭት ዕድሜዋን ሙሉ አልለቀቃትም፤ እንደሚመስለኝም የድርሰቷ ግማሽ ጉልበት የመጣው ከዚሁ ነው።

ሞትም በቤቷ ተመላለሰ። እናቷ በ1895፣ አባቷ በ1904፣ ወንድሟ ቶቢም በ1906 በታይፎይድ ሞቱ። አእምሮዋን እየጣለ የሚያነሣት ሕመም የጀመራት እናቷን ካጣች በኋላ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ልጆቹ ብሉምስበሪ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወሩ፤ የቶቢም የኬምብሪጅ ባልንጀሮች ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየመጡ መከራከር ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ያልተፈቀደላት ልጅ ክርክሩን በገዛ ቤቷ አገኘችው።

አሁን እኛን ወደሚነካው ነገር እንምጣ። በ1910 ፌብሩዋሪ 7 ቀን ሆራስ ኮል የተባለ ቀልደኛ ባቀደው ተንኮል፣ ኤድሪያንና ቨርጂኒያ ያሉባቸው ስድስት ወጣቶች በዌይመዝ ወደቡ አጠገብ ወደ ቆመው «ድሬድኖት» ወደተባለው የጦር መርከብ ሄዱ። ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተላከ የሚመስል ቴሌግራም ቀድሟቸው ነበር። አራቱ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፈው፣ ጥምጥም ጠምጥመው የአቢሲንያ መሳፍንት ነን አሉ። ከእነዚህ «መሳፍንት» አንዱ ቨርጂኒያ ነበረች። ኤድሪያን አስተርጓሚ ሆኖ፣ የተማረውን የሆሜርንና የቨርጂልን ግጥም እየሰባበረ አማርኛ አስመስሎ ተናገረ! የባሕር ኃይሉ ባንድ የኢትዮጵያ መዝሙር ቢያጣ የዛንዚባርን መታ። ምግብ ሲቀርብላቸው ደግሞ ቀለሙ እንዳይለቅና ጢሙ እንዳይወድቅ ፈርተው ሃይማኖታችን አይፈቅድም ብለው አለፉ። መኰንኖቹ አንዱንም ነገር ሳይጠረጥሩ በክብር ሸኟቸው። ወሬው በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ነገሩ እስከ ፓርላማ ደረሰ።

ቀልዱ የእንግሊዝን ባሕር ኃይል መሳቂያ ለማድረግ የታሰበ ነው፤ አደረገውም። ይሁንና ከዓድዋ ድል 14 ዓመት በኋላ፣ በአዲስ አበባ ሌጋሲዮን የከፈተ መንግሥት መኰንኖች ኢትዮጵያዊን ከጥምጥምና ከጥላሸት ለይተው አለማወቃቸው ለእኛ ሙሉ በሙሉ የሚያስቅ አይደለም። ቀልደኞቹም ቢሆኑ ከእነርሱ የተሻለ አያውቁንም ነበር። ቨርጂኒያ ግን ከዚያ ቀን የወሰደችው አንድ ትምህርት አለ ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም ወንዶች ለካባና ለኒሻን ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰግዱ ነው።

በ1912 ሌናርድ ዉልፍን አገባች። እርሱ በሴሎን የቅኝ ግዛት ሹም ሆኖ ሠርቶ የአገዛዙን ክፋት ያየ ሰው ነው። በ1920 ስለ አፍሪቃ ወረራና ንግድ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አቢሲንያና ስለ ዓባይ የሚናገር ምዕራፍ አለበት፤ ለመጽሐፉም ማስታወሻ በመሰብሰብ የረዳችው ሚስቱ ነበረች።

ባልና ሚስቱ የኅትመት ሙያ ለመማር ትምህርት ቤት ቢጠይቁ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆነ ሙያ ተማሪ ካልሆናችሁ ተብለው ተመለሱ። ሌላ የተዘጋ በር! በ1917 ወደ 19 ፓውንድ አውጥተው ትንሽ የእጅ ማተሚያ ገዙና በምግብ ክፍላቸው ተክለው ከአንዲት አነስተኛ የመመሪያ ጽሑፍ ራሳቸውን አስተማሩ። የሌናርድ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደል የምትለቅመው እርሷ ነበረች። የመጀመሪያው ሥራቸው በ150 ቅጂ ወጣ። ይህን መጽሔት ለማባዛት እጁ በቀለም የጠቆረ ሁሉ ድካሟን ይረዳላታል። ማተሚያ ቤቱ እያደገ ሄዶ የኤሊየትን ግጥምና የፍሮይድን ትርጉሞች አሳተመ። ከ1922 ጀምሮም የራሷን ልብ ወለዶች እዚያው ስላሳተመች፣ እንዲህ ጻፊ የሚላት አሳታሚ አልነበረም።

ልብ ወለዶቿን ታሪክ ፈልጎ የሚያነብ ሰው ይደክማል። «ሚስስ ዳሎዌይ» (1925) የአንዲት ሴት የአንድ ቀን ኑሮ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ግብዣ ከማሰናዳት በቀር ምንም አይደረግም፤ በውስጥ ግን ጦርነት አእምሮውን ያናወጠው ወታደር በዚያው ከተማ ይጠፋል። እኔ የምመርጠው የእናት የአባቷን መልክ የሣለችበትን «ወደ ባሕር መብራቱ» (1927) ነው። «ማዕበሎቹ» (1931) ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በ1928 በኬምብሪጅ ሁለት የሴቶች ኮሌጆች እንድትናገር ተጋበዘች። ከዚያ ንግግር በተወለደው መጽሐፍ ውስጥ በወንዶቹ ኮሌጅ ዓሣ፣ ቆቅና ወይን ጠጅ ሲቀርብ፣ በሴቶቹ ኮሌጅ ሥጋ ከድንችና ከጎመን ጋር፣ ቀጥሎም የደረቀ ፕሪም ይቀርባል። የተማሪ ምግብ ቤት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። ሴት እንድትጽፍ በዓመት 500 ፓውንድና ቁልፍ ያለው ክፍል ያስፈልጋታል ስትል ከራሷ ኑሮ ተናግራለች፤ አክስቷ በ1909 2,500 ፓውንድ አውርሰዋት ነበርና። ኬምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ነው።

ዝናዋ ሲበረታ በሩ ተከፈተላት። ኬምብሪጅ በ1932 አባቷ አስቀድመው የሰጡትን ተከታታይ ትምህርት እንድትሰጥ ለመናት፤ እምቢ አለች። በ1933 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ቢያቀርብላት እርሱንም አልተቀበለችም።

በ1935 ኦክቶበር መጀመሪያ ከባሏ ጋር በብራይተን በሠራተኛ ፓርቲ ጉባኤ ተገኝታ፣ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ብትወር ማዕቀብ ይጣል አይጣል የሚለውን ክርክር ሰማች። ጦርነትን የሚቃወሙት የፓርቲው መሪ ላንስበሪ ሲናገሩ እንባዋ መጣ። የጦር ጥላቻዋን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት የወራሪው ጦር መረብን የተሻገረበት ሕዝብ በእንባ ሊመክት አይችልም ነበር። በ1938 ባወጣችው «ሦስት ጊኒ» የካባንና የኒሻንን ከንቱነት፣ ዩኒቨርሲቲንና ጦርነትን በአንድ ገመድ አሰረቻቸው። ወዳጆቿ ሳይቀሩ ተቆጡ።

በ1940 የሎንዶን ቤቷ በቦምብ ፈረሰ። ባሏ አይሁዳዊ ስለሆነ ጀርመኖች ከገቡ የሚጠብቃቸውን ያውቁት ነበር። የቀድሞ ሕመሟም ተመለሰ፤ በ1941 ማርች 28 ቀን በሮድሜል መንደር አቅራቢያ በኡዝ ወንዝ ሕይወቷ አለፈ። ዕድሜዋ 59 ነበር። የመጨረሻ ልብ ወለዷን በዚያው ዓመት ሌናርድ በማተሚያ ቤታቸው አሳተመው።