ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ፦ በኢትዮጵያ ወረራ ሰበብ ብረት አጥቶ ወደ ቡሽ የዞረው ጫማ ሰፊ

ከተረከዝ እስከ እግር ጣቶች ሳይቋረጥ የሚዘልቀው ወፍራም ታኮ ዛሬ ከሮም እስከ አዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ እስከ ኒውዮርክ በሴቶች እግር ላይ የሚታይ የተለመደ ጫማ ነው። በገበያ ላይ ‘ዌጅ’ እየተባለ የሚጠራው ይህ ጫማ ለዘመናዊው ፋሽን የበቃው ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ወቅት፣ ወረራው ባስከተለው ማዕቀብ ምክንያት ነበር።

ጫማውን የሠራው ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር (እአአ) በ1898 ከኔፕልስ በስተምሥራቅ በምትገኘው ቦኒቶ የተሰኘች አነስተኛ የገጠር ከተማ ተወለደ። ከ14 ልጆች 11ኛው ነበር።

በዚያ ዘመንና በዚያ አካባቢ ጫማ መስፋት ከሙያዎች ሁሉ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ወላጆቹ ልጃቸው ወደዚህ ሥራ እንዲገባ አልፈለጉም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ እህቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቆርብበት ቀን ደረሰ፤ ቤተሰቡ ግን ለነጭ ጫማ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ትንሹ ሳልቫቶሬ ከሰፈሩ ጫማ ሰፊ ቁሳቁስ ለምኖ፣ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጫማውን ለጠዋት አደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከሙያው ሊያርቀው የቻለ አልነበረም።

በኔፕልስ ጥቂት ጊዜ ከተማረ በኋላ በትውልድ መንደሩ ሱቅ ከፈተ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለም እንደ ብዙ የደቡብ ኢጣሊያ ድሆች አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። በቦስተን ጫማ በማሽን የሚያመርት ፋብሪካ ቢመለከትም ፍጥነቱ እንጂ የጫማዎቹ ጥራት አላረካውም። ወደ ካሊፎርኒያ አቅንቶ ከወንድሞቹ ጋር መሥራት ጀመረ።

በዚያ የጠበቀው ገና በማደግ ላይ የነበረው የፊልም ኢንዱስትሪ ነበር። ለካውቦይ ፊልሞች ቡትስ፣ ለጥንታዊ ታሪኮች ደግሞ ሰንደል ሠራ። እአአ በ1923 በሆሊውድ ሱቅ ሲከፍት ሜሪ ፒክፎርድን የመሳሰሉ የዘመኑ ዝነኛ ተዋንያን ደንበኞቹ ሆኑ።

ፌራጋሞን የሚያሳስበው ግን የጫማው ውበት ብቻ አልነበረም። ያማሩ ጫማዎች ለምን እግር እንደሚያሳምሙ ለማወቅ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰውነት አካል አወቃቀር ተማረ። የቆመ ሰው ክብደት በውስጥ እግር መሀል ባለው ቅስት ላይ እንደሚያርፍም ተረዳ። ከዚያ በኋላ በጫማዎቹ ውስጥ ቅስቱን ደግፎ የሚይዝ ስስ የብረት ድጋፍ ማስገባት ጀመረ። ይህ ስስ ብረት የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ።

እአአ በ1927 ወደ ኢጣሊያ ተመልሶ በፍሎረንስ ጫማ ሰፊዎችን አሰባሰበ፤ ምርቱንም ወደ አሜሪካ ይልክ ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ገበያው ተዘጋበት። በ1933 ከሰረ። ፊቱን ወደ አገር ውስጥ ገበያ አዙሮ እንደገና መቆም በጀመረበት ጊዜ ደግሞ ጦርነት መጣ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር የኢትዮጵያን ድንበር ጥሶ ገባ። ከሳምንታት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ነዳጅን አላካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች እንደተከፈተ ቀጠለ። በመርዝ ጋዝ ጭምር የተካሄደውን ወረራ ሊያስቆም ሳይችል ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ገባች።

ጦሩን ያልገታው ማዕቀብ በፍሎረንስ የጫማ ሰፊውን እጅ ግን ያዘ። ጥሩ ብረት ከገበያ ጠፋ፤ በምትኩ የተገኘው ደካማ ብረት በጫማው ውስጥ ይሰበር ጀመር። ፌራጋሞ መፍትሔውን ከሰርዲኒያ በሚመጣው ቡሽ ውስጥ አገኘ። የቡሽ ቁርጥራጮችን እየደራረበ፣ እያጣበቀና እየከረከመ በተረከዙና በሶሉ መካከል ያለውን ክፍተት ሞላው። ክፍተቱ ከተሞላ ብረት አላስፈለገም። ቅርጹ መጀመሪያ እንግዳ ቢመስልም ቀላልና ምቹ በመሆኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገሮች ተቀዳ። በ1938 ለተዋናይት ጁዲ ጋርላንድ የሠራው፣ በቀስተ ደመና ቀለማት የተደራረበው ሰንደል የዚሁ ሐሳብ ፍሬ ነበር።

በዚያው ዓመት ዛሬም የኩባንያው መቀመጫ የሆነውን ጥንታዊውን የስፒኒ ፌሮኒ ሕንፃ ገዛ። በኢትዮጵያ ላይ ወረራውን ያዘዘው ቤኒቶ ሙሶሊኒና ወዳጁ ክላሬታ ፔታቺም ከደንበኞቹ መካከል ነበሩ። የወረራው ዳፋ ሥራውን ያወከበት ይኸው ጫማ ሰፊ የአዛዡንም እግር ለክቷል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆዳ ሲጠፋ በቃጫ፣ በዓሣ ቆዳና የከረሜላ መጠቅለያ በሚሠራበት ሴሎፎን ጭምር ጫማ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ በናይለን ክር የሠራው ‘የማይታየው ሰንደል’ በአሜሪካ ትልቅ የፋሽን ሽልማት አስገኘለት። በዚያው ዓመት ከተሸለሙት አንዱ ክርስቲያን ዲዮር ነበር። ማሪሊን ሞንሮና ኦድሪ ሄፕበርንም ደንበኞቹ ሆኑ።

ፌራጋሞ እአአ በ1960 በ62 ዓመቱ አረፈ። ከ350 በላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብቶችን አስመዝግቦ ነበር። የቦኒቶ ሐኪም ልጅ የነበረችው ባለቤቱ ዋንዳ በ38 ዓመቷ ስድስት ልጆችና አንድ ኩባንያ በእጇ ቀሩ። ከዚያ ቀደም በሥራው ዓለም ያልነበረችው ዋንዳ ድርጅቱን ከጫማ አልፎ ልብስና ቦርሳ ወደሚያመርት ዓለም አቀፍ ኩባንያ አሳደገችው። እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 2018 ድረስም ከድርጅቱ አልራቀችም።

በፍሎረንስ በተቋቋመው ቤተ መዘክር የፌራጋሞ የቡሽ ጫማዎች ዛሬም ለእይታ ይቀርባሉ። የጎብኚው ዓይን የሚያርፈው በቀለማቸውና በቅርጻቸው ላይ ነው። ከሥር ያለው ቡሽ ግን አንድ ስስ ብረት የታጣበትን ዘመን፣ ብረቱ የታጣበትንም ጦርነት ይዞ ቆሟል።