ከመንገድ በፊት የመጣ አውቶሞቢል
ዐፄ ምኒልክና የመኪና ፍቅራቸው

በወላይታ፣ በቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ፣ በቦምቤ ከተማ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው አገሩ ወደ ኦሞ ሸለቆ እያዘነበለ ሲወርድ ያያል። በዚህ አካባቢ ክረምት በገባ ጊዜ አፈሩ ዝናቡን ጠጥቶ የእግረኛውን ጫማ ያስወልቃል፤ የመኪናውንም ጎማ ይዞ አላስኬድ ይላል። ስለዚህ በገጠሩ መንገድ ላይ ሰው የሚተማመንበት መኪና ቀለሙ ያማረው ወይም ወንበሩ የለሰለሰው አይደለም፤ ከመሬት ከፍ ያለው፣ አራቱም እግሮቹ የሚስቡት፣ ጭቃና ድንጋይ የማይፈራው ነው። በወሊድ ምጥ የተያዘችን እናት ከሐኪም ቤት የሚያደርስ እንዲህ ያለው መኪና ነውና መወደዱ አያስደንቅም።

ነገር ግን መንገድ በሌለበት አገር መኪናን መውደድ የዛሬ ነገር አይደለም። በአገራችን ይህን ፍቅር አስቀድመው ካሳዩት ታላላቅ ሰዎች ዋነኛው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል ያዩት አንድ ጥርጊያ መንገድ እንኳ በብዙ ድካም በሚሠራበት ዘመን ነበር። ወላይታን ደግሞ ያወቋት በመኪና ሳይሆን በበቅሎ ነው፤ የመጡትም ለጉብኝት ሳይሆን ጦር መርተው ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ካላስቀመጥናቸው የሕይወታቸው ታሪክ ጎደሎ ይሆናል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው ወሰዷቸውና አሥር ዓመት ያህል በዚያ ቆዩ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ በመመለስ የአባታቸውን አልጋ ያዙ።

እሳቸው ካመለጡ በኋላ በመቅደላ አንድ ትልቅ ነገር ተደረገ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር አንሥተው፣ ገደል እየቆረጡና ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ አደረሱት። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ትልቅ ነገር በመንኰራኵር ለማንቀሳቀስ የሚፈልግ መንግሥት አስቀድሞ መንገድ መጥረግ እንዳለበት ያ ጉዞ ለአገሩ ሁሉ አሳየ። ምኒልክም በዘመናቸው ከዚያው ችግር ጋር ተገናኙ።

ምኒልክ ለእጅ ሥራና ለመሣሪያ የነበራቸው ፍቅር በዘመኑ ያዩዋቸውን ሁሉ ያስገርም ነበር። አዲስ ነገር ይዞ ለመጣ እንግዳ ደጃቸው አይዘጋም። ሰዓትም ሆነ ጠመንጃ በእጃቸው ሲገባ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ሳያዩ አይተዉትም ነበር። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ስዊስ መሐንዲስ ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ ይህ ፍላጎታቸው ሁነኛ ሰው አገኘ። ኢልግ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አገልግሏቸዋል፤ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዲገባ ያደረገ እሱ ነው፤ በ1886 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲውን የምድር ባቡር ለመሥራት የሚያስችለውን ፈቃድ ከንጉሠ ነገሥቱ ተቀብሏል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ወዳዱ ንጉሥ ራሳቸው የሚጓዙት እንደ አባቶቻቸው በበቅሎ ነበር። ግዛታቸውን ያሰፉትም በዚሁ ዓይነት ነው። በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ትልቅ ሠራዊት አስከትለው ወደ ወላይታ ዘመቱ። ራስ ሚካኤልና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም አብረው ነበሩ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ለመገበር ባለመፍቀዳቸው ከሕዝባቸው ጋር ብርቱ መከላከል አደረጉ። ነገር ግን የጦር መሣሪያው አልተመጣጠነም፤ አንደኛው ወገን ብዙ ጠመንጃ ሲይዝ ሌላው በአብዛኛው የተማመነው በጦርና በጋሻ ነበር። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ሰውም ከብትም እየተማረከ ተነዳ። በዚያ ዘመቻ ላይ የነበረ ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ያየውን በመጽሐፍ ጽፎት ስለ ቀረ ነገሩ በአፈ ታሪክ ብቻ የሚነገር አይደለም።

ከአዲስ አበባ እስከ ወላይታ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ርቀት በዚያን ጊዜ የለካው የሠራዊት እግር ነበር። መንገድ ሁለት አገሮችን በሰላም የሚያገናኝ ነገር መሆን ሲገባው በዚህ ግን ጦር ቀደመ፤ መንገዱም ዘግይቶ ተከተለ። ይህን መናገር የንጉሠ ነገሥቱን ሥራ ለማቃለል አይደለም፤ እውነተኛ ታሪክ የሚወድ አንባቢ አንዱን ገጽ ገልጦ ሌላውን መሸፈን እንደማይወድ ስለምናውቅ ነው።

ከዐድዋ ድል በኋላ ምኒልክ ፊታቸውን ወደ ሥልጣኔ ሥራ ይበልጥ መለሱ። ስልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ተዘረጋ፤ የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። መንገድም መሠራት ጀመረ። በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ባለቀ ጊዜ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ስለ ነበር፣ አዲስ አበባንና አዲስ ዓለምን የሚያገናኝ ጥርጊያ መንገድ ወጣ። በኋላ ባሕር ዛፍ በቅሎ ዋና ከተማው ከቦታው ሳይነቀል ቀረ፤ መንገዱ ግን ጠቀመ።

ለዚህ ለመንገድ ሥራ ሲባል በ1896 ዓ.ም. ገደማ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ከባሕር ዳር ድረስ በብዙ ድካም አስመጣ። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ ሰየመው። እንግዲህ በመዲናይቱ በራሱ ኃይል የተንቀሳቀሰ የመጀመሪያው ከባድ መኪና የመሳፍንት መንሸራሸሪያ አልነበረም፤ ድንጋይ የሚዳምጥ ሠራተኛ ነበር። ከዚህ ነገር አንድ ትምህርት ይገኛል፤ ንጉሡ መንኰራኵርን የወደዱ ብቻ ሳይሆኑ፣ መንኰራኵር የሚሄድበትንም መሬት ያሰቡ ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የአውቶሞቢሉ ነገር መጣ። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል ይዞ ለመድረስ ቈርጦ ተነሣ። መኪናው ሲድሊ የሚባል የእንግሊዝ ሥራ ነበር። ሬጂናልድ ዌልስ የሚባል ነጂ፣ አንድ ሱማሌ ረዳትና አንድ ውሻ አብረውት ነበሩ። ጅቡቲ ሲደርሱ ከፊታቸው የሚጠብቃቸው በረሃና ተራራ ነበር እንጂ ለመኪና የተሠራ መንገድ አልነበረም። ባቡሩም ከድሬዳዋ ወዲህ ገና አልዘለቀም ነበር።

አንባቢ ያን ጉዞ በዓይነ ሕሊናው ይሳለው። በዚያ ዘመን የነበረው አውቶሞቢል የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው ለኋላ እግሮቹ ብቻ ነው። አንዱ ጎማ በአሸዋ ወይም በጭቃ ውስጥ ከተንሸራተተ ኃይሉ ሁሉ በዚያ በኩል በከንቱ ይጠፋል፤ መኪናውም ባለበት ይቀራል። ቤንዚን የሚቀዳበት ቦታ የለም፤ የሞተሩ ውሃ በሙቀት እየፈላ ሲያልቅ በበረሃ መሀል ሌላ ውሃ ይፈለጋል፤ ጎማ ቢቀደድ እዚያው መጠገን ግድ ነው። ሞተሩ ያቃተውን ቦታ የሰው ክንድና ገመድ ያልፈዋል። ስለዚህ ያ መኪና ወደ አዲስ አበባ የመጣው ግማሹን በቤንዚን፣ ግማሹን በሰው ጉልበት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በ1900 ዓ.ም. መኪናው አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የሚባለውን የጀርመን አውቶሞቢል ይዞ ተከትሎ ደረሰ፤ የጉዞውንም ታሪክ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በአንድ ዓመት ውስጥ የሁለት ታላላቅ መንግሥታት ሰዎች መኪና ይዘው መሽቀዳደማቸው ያለ ነገር አልነበረም። የንጉሡን ፍቅር ስላወቁ በዚያ በኩል ወዳጅነትና ገበያ ለማግኘት ነው።

ምኒልክ በአውቶሞቢሉ ተቀመጡ፤ ደስታቸውም ታላቅ ነበር። ካህኑም መኰንኑም ገበሬውም ያለ ፈረስ የሚሮጠውን ሠረገላ ለማየት ይሰበሰብ ነበር። ነገር ግን መኪናው ከከተማው ብዙ ቢርቅ የሚሄድበት አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ሁሉ አገር በበቅሎ ከዞሩ በኋላ፣ ድካም የማያውቀው መጓጓዣ በእጃቸው በገባ ጊዜ የሚያስኬደው መንገድ አጭር ሆነ።

ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። መኪናው በመጣ ጊዜ ምኒልክ ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ዓመት አልፎ ጤናቸውም መናወጥ ጀምሮ ነበር። በዚያው በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት፣ ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይቀር አስበው ነው ብንል አንሳሳትም። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕመሙ እጅግ ጸናባቸው፤ አካላቸውም አንደበታቸውም አልታዘዝ አላቸው። በአንድ ቀን ጉዞ ብዙ አገር ያዩ ዘንድ የተመኙት ሰው ከአልጋ ተይዘው ቀሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ፈቃዱን የሰጡለት የምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ዓመት ያህል ቀደሙት።

ከእሳቸው ሞት በኋላ የመኪናውም የመንገዱም ነገር እየሰፋ ሄደ። የኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። በውጭው ዓለም ደግሞ የሲድሊው መኪና የተቸገረበት ነገር መድኃኒት ተገኘለት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አራቱም እግሮቹ የሚስቡት የአሜሪካ ጂፕ ጭቃና አሸዋ እየጣሰ ሲያልፍ ታየ። በ1940 ዓ.ም. እንግሊዞች ላንድሮቨርን ለገበሬ ሥራ ብለው በአምስተርዳም ለሕዝብ አሳዩ። ጃፓኖችም በ1943 ዓ.ም. የራሳቸውን ዓይነት ሠርተው ከጥቂት ዓመት በኋላ ላንድክሩዘር አሉት። ቤንትሊ በገመድ ያስጎተተው ዓይነት ዳገት እንግዲህ ለአንድ ነጂ የማርሽ ጉዳይ ሆነ።

እነዚህ መኪናዎች በኢትዮጵያ ገጠር ሐኪሙን፣ አስተማሪውን፣ የእርሻ ባለሙያውን ይዘው ገቡ። መንገድ ባልደረሰበት ደረሱ። ነገር ግን በዚህ ላይ ልንጠነቀቅ ይገባል። ጭቃ የሚጥስ መኪና መኖሩ፣ ጭቃው ለዘላለም ይኑር ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው መኪና ያለው ሰው ያልፋል፤ የሌለው ግን ቦቆሎውንና ቦይናውን በጀርባው ተሸክሞ፣ በሽተኛውን በቃሬዛ ይዞ በዚያው ጭቃ ይሄዳል። በቦምቤ ያለ ገበሬና በአዲስ አበባ ያለ ባለ መኪና እኩል የሚሆኑት በተሠራ መንገድ ላይ ብቻ ነው።

ከዐፄ ምኒልክ የመኪና ፍቅር የሚተርፈን ቁም ነገር ይህ ይመስለናል። መኪና የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ መንገድ የሚወድ ግን ጥቂት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱንም ወደው ነበር፤ መዳመጫውን ከአውቶሞቢሉ አስቀድመው ማስገባታቸው ይህን ይመሰክርላቸዋል። ዕድሜያቸው ግን ለመጀመር በቃ እንጂ ለመፈጸም አልበቃም። በበቅሎና በጦር ወደ አንድ ግዛት የገባውን አገር ሁሉ በመንገድ ማገናኘት ለተከታዮቹ ትውልዶች የተረፈ ዕዳ ሆነ። በክረምት ወደ ቦምቤ የሚሄድ መንገደኛ የመኪናው ጎማ በጭቃ ተይዞ በወረደ ጊዜ፣ ከዚያ ዕዳ ምን ያህሉ እንደ ተከፈለና ምን ያህሉ እንደ ቀረ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።