የስቲግ ላርሶን ሕይወት ባጭሩ

የስካንዲናቪያ የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢውን ስለ ምን እንቅልፍ እንደሚነሣው ለመረዳት፥ የአንድ ደራሲ ሕይወት መመልከት ይበቃል ብለን እናምናለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስቲግ ላርሶን በ1954 በሰሜን ስዊድን ተወለደ። ወላጆቹ ገና ወጣቶችና እጅ ያጠራቸው ስለ ነበሩ፥ እስከ 9 ዓመቱ ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። ወንድ አያቱ የናዚዎች ጽኑ ተቃዋሚ ነበሩና ልጁ ግፍን መጥላት ከእርሳቸው ተማረ። በ1977 ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሥር ወደ ነበረችው ኤርትራ ሄዶ ለሴት ተዋጊዎች የመሣሪያ አያያዝ እንዳስተማረ የቅርብ ሰዎቹ ተናግረዋል። ከዚያ በኋላ በስዊድን የዜና ወኪል ቤት 20 ዓመት ያህል ሠራ። በ1995 ኤክስፖ የተባለውን ድርጅት ከጓደኞቹ ጋር አቋቁሞ፥ የዘር ጥላቻ የሚሰብኩትን ቡድኖች ማጋለጥ ስለ ያዘ፥ የግድያ ዛቻ ይደርስበት ነበር።

ቀን እውነተኛውን ወንጀል ሲመረምር ይውልና፥ ሌሊት ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። መንገዱን ቀድመው የጠረጉለት አሉ፤ ማይ ሼቫልና ፔር ቫሌ ከ1965 እስከ 1975 ባወጧቸው 10 መጻሕፍት የፖሊስን ምርመራ የአገራቸው ጉድ መግለጫ አድርገውት ነበር። ላርሶን በዚህ ላይ በሴቶች የሚደርሰውን ግፍ የታሪኩ እምብርት አደረገ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የስዊድንኛ ርእስ፥ ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች ማለት ነው። ወንጀለኛውም ከዱር አይመጣም፤ በተከበረ ባለጠጋ ቤት ውስጥ ይገኛል።

እኛ በአንጋጫ በእንሰት መካከል ያደግን ተማሪዎች የሰሜኑን የበረዶ ምድር አይተን አናውቅም፤ እንዲህ ያለውን ቤት ግን እናውቀዋለን። በከምባታ ግርዛትና ጠለፋ በባህል ስም ተሸፍነው ኖረዋል። ጎረቤት እያወቀ ዝም ያለውን ይህን ነገር፥ የአገራችን ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ በ1997 ከእኅታቸው ጋር ማኅበር መሥርተው በአደባባይ አነሡት። የእነዚህ መጻሕፍት ጣዕምም ለእኛ ይኸው ነው፤ ሁሉ እያወቀ የሸሸገው ጉዳይ በመጨረሻ በስሙ ሲጠራ እንሰማለን።

ላርሶን መጻሕፍቱ ታትመው አላየም። በኖቬምበር 9 ቀን 2004 አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለ ነበር፥ ወደ ሥራ ክፍሉ በደረጃ ወጥቶ፥ ልቡ ታሞ በ50 ዓመቱ ሞተ። ሦስቱ መጻሕፍት ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጡ። ከ30 ዓመት በላይ አብራው የኖረችው ኤቫ ጋብርኤልሶን ግን፥ በዛቻው ምክንያት ሳይጋቡ ስለ ቀሩ፥ ውርሱ በሕግ ለአባቱና ለወንድሙ ሆነ። ስለ ሴቶች መበደል የጻፈው ሰው ሀብት ለገዛ የሕይወት ጓደኛው አልደረሰም። ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።