የኢርቪንግ ላንግሚዩር የሕይወት ታሪክ

ታሪኩን በአጭሩ የምንጽፍለት ሊቅ ኢርቪንግ ላንግሚዩር እ.ኤ.አ. በ1881 በኒውዮርክ ብሩክሊን ተወለደ። በ1909 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ከተባለው ኩባንያ ገብቶ አምፑል ማሻሻል ያዘ። በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ጋዝ በሽቦው ገጽ ላይ በአንድ ረድፍ ብቻ እንደሚለጠፍ ተመለከተ። በ1918 ባወጣው ስሌት መሠረት ገጹ የተወሰነ መቀመጫ አለው፤ ያ ከሞላ ሌላ እንግዳ አይቀበልም። በ1932 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1957 ዐረፈ።

አምፑል ሠሪ ስለ ጭቃ ያስተምረናል ብሎ ማን ይጠብቅ ነበር! በክረምት ከጫማችን አልላቀቅ የሚለን የቦሌ ጥቁር ዋልካ በውሃ ውስጥ ያለውን እርሳስና ካድሚየም ስቦ ይይዛል፤ የሚይዘውንም መጠን ኬሚስቶች ብዙ ጊዜ የሚገምቱት በላንግሚዩር ስሌት ነው። ከእኛ በታች፥ በአቃቂ ወንዝ ዳር፥ የፋብሪካ ፍሳሽ በተቀላቀለበት ውሃ ጐመን ይጠጣል። የማሳው ጭቃ መቀመጫ ሲሞላ፥ የተረፈው እርሳስ ከውሃው ጋር ወደ ጐመኑ ሥር ይወርዳል።