የኬሚስትሪ መምህሩ አሠልጣኝ፦ ክኑት ሮክኒ

በዛሬው አምዳችን የምናስተዋውቃችሁ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ስሙ የገነነውን ክኑት ሮክኒን ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በአሠልጣኝነቱ ነው፤ እኛ ግን ታሪኩን የመረጥነው መምህር ስለነበረ ነው።

ሮክኒ እ.ኤ.አ. በ1888 ኖርዌይ ውስጥ ቮስ በተባለ ሥፍራ ተወለደ። አምስት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄዶ ቺካጎ ሠፈረ። ለትምህርቱ ገንዘብ ለማጠራቀም ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ቆየና፣ ኢንዲያና በሚገኘው ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ 22 ዓመቱ ነበር። በ1914 በፋርማሲ ተመረቀ። ከዚያም እዚያው ኬሚስትሪ እያስተማረ ረዳት አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1918 ዋናው አሠልጣኝ እሱ ሆነ።

የአሜሪካኖቹ ፉትቦል እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ይለያል። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ተይዞ ይሮጣል፣ ይወረወራል። አሥራ አንድ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሰባቱ ከፊት ሆነው እየተጋፉ መንገድ ይከፍታሉ፣ አራቱ ከኋላ ኳሱን ይዘው ይበራሉ።

የ1924ቱ ውድድር የሮክኒ ቡድን በጣም የታወቀበት ነው። ከኋላ የሚሰለፉት አራቱ፣ ስቱልድሬኸር፣ ክራውሊ፣ ሚለርና ሌይደን፣ ደቃቆች ነበሩ፤ አንዳቸውም ከ74 ኪሎ አይበልጡም። ታዲያ ጉልበት ያጡትን ሮክኒ በልምምድ ሞላው፤ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት አራቱም ባንድ እርምጃ ቦታ እንዲቀያይሩ አስጠናቸው። በጥቅምት ወር የጦር አካዳሚውን ቡድን 13 ለ7 ሲያሸንፉ አንድ ጋዜጠኛ አራቱ ፈረሰኞች አላቸው፤ ስሙም ቀረላቸው። መንገድ የሚከፍቱት ሰባቱ ደግሞ በቅሎዎቹ ተባሉ!

ሮክኒ ሌላም ዘዴ ነበረው። ብዙ ጊዜ ግጥሚያውን የሚያስጀምረው በተጠባባቂዎቹ ነው። እነሱ ተጋጣሚውን ሲያደክሙት ቋሚዎቹ ይገባሉ። እንግዲህ ተጠባባቂው ወንበር አሟቂ ሳይሆን የድሉ ባለድርሻ ነበር ማለት ነው። በጥር 1 ቀን 1925 ካሊፎርንያ ላይ ስታንፎርድን ገጠሙ። ስታንፎርድ ብዙ ሜዳ ቢያቋርጥም ሌይደን ሁለት ጊዜ ኳስ ነጥቆ እየሮጠ አስቆጠረ፤ 27 ለ10 አለቀ። አሥር ግጥሚያ፣ አሥር ድል!

ሁልጊዜ ግን አልቀናውም። በ1928 ከዘጠኝ ግጥሚያ አራቱን ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት እግሩን ታሞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ጭምር እያሠለጠነ ዘጠኙንም ግጥሚያ አሸነፈ፤ በ1930 ደግሞ አሥሩንም። በመጋቢት 31 ቀን 1931 የተሳፈረበት አይሮፕላን ካንሳስ ውስጥ ተከስክሶ ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር ሞተ። ዕድሜው 43 ነበር። በ13 ዓመት 105 ጊዜ አሸንፏል፣ 12 ጊዜ ተሸንፏል፣ 5 ጊዜ አቻ ወጥቷል።

ወደፊት በምናስተምርበት ክፍልም ፈረሰኞች አይጠፉም፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጃቸውን የሚያወጡት ማለታችን ነው። እነሱን ማስተማር ማንንም አያቅትም። መምህርነታችን የሚለካው መንገድ በሚከፍቱት ሰባቱና ከኋላ ወንበር ተራቸውን በሚጠብቁት ነው። ለእነሱ ምን አዘጋጅተናል? የማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዳችን እናስብበት።