ሮበርት ስሞልስ፦ ከመርከቧ ጀብዱ ባሻገር

ሮበርት ስሞልስ እ.ኤ.አ. በ1839 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቦፈርት ከተማ በባርነት ተወለደ። ስሙ በአብዛኛው የሚነሣው በአንድ ሌሊት ድርጊት ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፕላንተር በተባለች የደቡቦቹ መርከብ ላይ መሪ ጨባጭ ባሕረኛ ነበር። በሜይ 1862 ነጮቹ መኰንኖች ከተማ ወርደው ባደሩበት ሌሊት ቤተሰቡንና ጓዶቹን አሳፍሮ፣ ለምሽጎቹ የይለፍ ምልክት እየሰጠ ከቻርልስተን ወደብ ወጣ፤ መርከቧንም ለሰሜኑ ባሕር ኃይል አስረከበ።

ይሁን እንጂ ዘላቂው ሥራው ከስድስት ዓመት በኋላ የፈጸመው ነው። በግዛቱ ባሮችን ፊደል ማስቆጠር በሕግ ያስቀጣ ስለ ነበር፣ ስሞልስ ማንበብ የተማረው ነጻ ከወጣ በኋላ ነው። በ1868 በተሰበሰበው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ትምህርት ለልጆች ሁሉ በነጻና በግዴታ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ጉባኤውም ዘር ሳይለይ ለሁሉ ክፍት የሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሥርዐት ደነገገ።

የ1895ቱ ጉባኤ ግን ይህን ድል ሸረሸረው። ትምህርት ቤቶችን በዘር ለየ፤ ማንበብ መቻልን ወይም ንብረት መያዝን የመራጭነት መስፈርት አደረገ። ትናንት ፊደል የተከለከለው ትውልድ፣ አሁን ፊደል ባለማወቁ ድምፅ ተነፈገ። ከስድስቱ ጥቁር ተወካዮች አንዱ የነበረው ስሞልስ ቢቃወምም ሊያስቀረው አልቻለም።

በ1915 ሲሞት መለያየቱ እንደ ጸና ነበር። የነጻ ትምህርት መርሕ ግን በአዲሱም ሕገ መንግሥት አልተሰረዘም። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየትን ሲሽር፣ ከመረመራቸው ክሶች አንዱን ያቀረቡት የዚያችው ግዛት፣ የክላረንደን አውራጃ ጥቁር ወላጆች ነበሩ።