የዓይንን ድርቀት ከመላው ሰውነት ጋር ያገናኙት ሐኪም፦ የሄንሪክ ሾግረን ሕይወትና ሥራ

የዓይን ድርቀት በሕክምናው ዓለም ለረጅም ዘመን እንደ ቀላል ሕመም ሲታይ ኖሯል። ዓይኑ የሚቆረቁረውና የሚያቃጥለው ታማሚ የማየት ኃይሉ ሲለካ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል፤ የዓይኑ ግፊትም ከመጠን ያለፈ አይሆንም፤ ስለዚህ ጠብታ ተሰጥቶት መሄዱ የተለመደ ነው። ከዚህ ተራ ከሚመስል ሕመም በስተጀርባ መላውን ሰውነት የሚነካ በሽታ ሊኖር እንደሚችል ያስረዱት ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን ናቸው። የሳቸው ሕይወት የአንድ በሽታ ግኝት ታሪክ ብቻ አይደለም። በዕለታዊ የዓይን ምርመራ ውስጥ የሚደረግ ትንሽ መለኪያ ከትክክለኛ ጥያቄ ጋር ሲገናኝ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሚያሳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ሾግረን ሐምሌ 23 ቀን 1899 ሾፒንግ በተባለች የስዊድን ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በስቶክሆልም በካሮሊንስካ ተቋም ተከታትለው በ1927 የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ። ባለቤታቸው ማሪያ ሄልግሬንም ሕክምና ያጠኑ ሲሆን አባታቸው የዓይን ሐኪም ነበሩ። ሾግረን ወደ ዓይን ሕክምና ያዘነበሉት ገና በወጣትነታቸው ነው።

በዚያን ጊዜ ስለ ዓይን ድርቀት ይታወቅ የነበረው የተበታተነ ነበር። ጀርመናዊው ኦቶ ሽርመር በ1903 የእንባን መጠን የሚለኩበትን ዘዴ አሳትመዋል። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ዘዴው 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 35 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የማጣሪያ ወረቀት ጫፉ ታጥፎ በታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ የሚሰቀልበት ነው። ከ5 ደቂቃ በኋላ ወረቀቱ ምን ያህል ሚሊ ሜትር እንደ ረጠበ ይነበባል። ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም አንሪ ጉዥሮ ደግሞ በ1925 የዓይንና የአፍ ድርቀት አብሮ የታየባቸውን ታማሚዎች ገልጸው ነበር። መለኪያውም ምልከታውም በየፊናቸው ነበሩ፤ በበቂ ቁጥር ታማሚዎች ላይ ደረጃ በደረጃ ያጠናቸውና በአንድ በሽታ ሥር ያዋቀራቸው ሰው ግን ገና አልተገኘም ነበር።

አሥራ ዘጠኙ ሴቶች

በ1930 አካባቢ ሾግረን በስቶክሆልም ሲሠሩ አንዲት ሴት ታማሚ አጋጠመቻቸው። ዓይኗ ደርቋል፤ አፏም ምራቅ አጥቷል፤ መገጣጠሚያዎቿንም ቁርጥማት ይዟቸዋል። ለዓይን ሐኪም የሚመለከተው የመጀመሪያው ችግር ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ሾግረን ግን ሦስቱ ምልክቶች በአንዲት ሴት ላይ አብረው መገኘታቸው እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ላይሆን ይችላል ብለው ጠረጠሩ፤ ተመሳሳይ ታማሚዎችንም መፈለግ ጀመሩ።

ምርመራቸው በሁለት ቀላል መሣሪያዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። አንደኛው የሽርመር ወረቀት ሲሆን ሁለተኛው ሮዝ ቤንጋል የተባለው ቀይ ማቅለሚያ ነው። ማቅለሚያው በዓይን ላይ ጠብ ሲደረግ በድርቀት የተጎዱት የዓይን ሽፋን ክፍሎች ቀልመው ይታያሉ። ወረቀቱ የእንባውን ማነስ ሲያሳይ ማቅለሚያው ማነሱ ያስከተለውን ጉዳት ያሳያል። ሾግረን በዚህ ሳይወሰኑ የእንባ ዕጢዎችን ሕብረ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ መርምረዋል።

የዶክትሬት ጥናታቸው በ1933 በጀርመንኛ ቋንቋ ታተመ። ጥናቱ የ19 ታማሚዎችን ሁኔታ የሚዘረዝር ሲሆን ሁሉም ሴቶች ነበሩ፤ ከነዚህም 13ቱ የመገጣጠሚያ በሽታ ነበረባቸው። ለሕመሙም ኬራቶኮንጀንክቲቫይቲስ ሲካ የሚል ስም ሰጡት፤ ትርጉሙም ከድርቀት ጋር የተያያዘ የኮርኒያና የዓይን ነጭ ሽፋን ብግነት ማለት ነው።

አዲስ ስም ማውጣቱ ያስፈለገበት ምክንያት ነበረው። በጊዜው የደረቀ ዓይን ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው በቪታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ድርቀት ነበር። ያኛው በተለይ ምግብ ያነሳቸውን ሕፃናት የሚያጠቃና የዳፍንት ምልክት የሚያሳይ ነው። የሾግረን ታማሚዎች ግን በአብዛኛው በመካከለኛና ከዚያ በላይ በሆነ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ሴቶች ነበሩ፤ ከዓይናቸው ድርቀት ጋርም አፋቸውና መገጣጠሚያቸው ታሟል። ስለዚህ የድርቀቱ መንስኤ ሌላ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ የጥናቱ ዋና ፍሬ ነገር ሆነ።

ዝቅተኛው ውጤት

ጥናቱን የመዘኑት ምሁራን በዚህ ሐሳብ አልረኩም። በስዊድን የአካዳሚ ሥርዓት የዶሰንትነት ማዕርግ የሚገኘው የዶክትሬት ጥናቱ በቂ ውጤት ሲያገኝ ነበር፤ የሾግረን ውጤት ግን ለዚህ አላበቃቸውም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት በር ተዘጋባቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ስሙ የሚጠራው በሽታ በመጀመሪያ የቀረበበት ጽሑፍ ለደራሲው የእንጀራ መንገድ አልከፈተም።

ሾግረን በ1930ዎቹ አጋማሽ ከዋና ከተማው ርቀው በቬተርን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ወደምትገኘው ወደ ዮንሾፒንግ ሄዱና የሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በዚያም እስከ ጡረታቸው ድረስ በተራ ሐኪምነት አገለገሉ። ከዕለታዊ ሥራቸው ጎን ለጎን ኮርኒያን የመተካት ቀዶ ሕክምናን ያጠኑ ነበር፤ የዓይን ድርቀት ታማሚዎችን መከታተላቸውንም አልተዉም። ምርምራቸውን ያስቀጠለው የታማሚዎቻቸው መዝገብ ነበር። በየጊዜው የሚመጡትን ታማሚዎች በዚያው ወረቀትና ማቅለሚያ እየመረመሩ፣ ስለ አፋቸውና ስለ መገጣጠሚያቸው እየጠየቁ፣ ያገኙትን ማሳተም ቀጠሉ።

ዘግይቶ የመጣ ዕውቅና

ጥናቱ በጀርመንኛ መጻፉ አንባቢዎቹን ይወስን ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1943፣ አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ብሩስ ሃሚልተን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው ሲድኒ ውስጥ አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ የሾግረን ስም እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሆኑ ሐኪሞች ዘንድ እየታወቀ ሄደ።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረጉ ምርምሮች ሾግረን ከጠረጠሩት በላይ የሆነ ነገር ገለጡ። በሽታው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ ራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች የሚያጠቃበት እንደሆነ ታወቀ። ሳንባን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ሊነካ እንደሚችል፣ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይም ወደ ሊምፎማ ካንሰር ሊያመራ እንደሚችል ተረጋገጠ። በዓይን ቆብ ላይ የተሰቀለች ወረቀት አለመርጠቧ የካንሰር ክትትል ለሚያስፈልገው ሰው የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ለሾግረን የዶሰንትነት ማዕርግ ሰጣቸው፤ ጥናቱ ከቀረበ 24 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1961 ደግሞ የስዊድን መንግሥት የፕሮፌሰርነት ማዕርግ ሰጣቸው። በ1986 ስለ በሽታው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በኮፐንሃገን ተካሄደ። ሾግረን በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን በሉንድ ከተማ በ87 ዓመታቸው አረፉ።

የድርቀቱ ምንጭ በኢትዮጵያ

ሾግረን በደረቀ ዓይን ፊት ያነሡት ጥያቄ ድርቀቱ ከየት መጣ የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ከስዊድን ይልቅ ብዙ መልሶች አሉት። ሾግረን ከሌላው ለይተው ለማስቀመጥ የደከሙበት የቪታሚን ኤ እጥረት እዚህ የሕፃናት የጤና ችግር ሆኖ ኖሯል። ትራኮማም አለ። በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል 40 በመቶ ያህሉ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 62 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ትራኮማ የዓይንን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ሲያጠብስ እንባን በዓይን ላይ የሚያረጋውን ንፍጥ የሚያመነጩ ሕዋሳትን ያጠፋል፤ የእንባ መውረጃዎችንም ሊደፍን ይችላል። የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር በቀዶ ሕክምና ከተስተካከለ በኋላም ድርቀቱ ሊቀር ይችላል።

በከተማ ሌሎች ምክንያቶች ይጨመራሉ። ለዚህ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የገርጂ ሰፈር ጥሩ ምሳሌ ነው። የዩኒቲ ዩኒቨርሲቲና በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል የሚባለው የሚገኙበት ይህ ሰፈር ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም። ተማሪውና የቢሮ ሠራተኛው ረጅም ሰዓት በኮምፒዩተርና በስልክ ፊት ያሳልፋል፤ ስክሪን ላይ ያተኮረ ዓይን ደግሞ የሚርገበገበው በጥቂቱ ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በበጋ አየሯ ደረቅ ነው፤ የግንባታው አቧራም አለ። እነዚህ ሁሉ እንባን ያተናሉ ወይም ዓይንን ያስቆጣሉ። ስለዚህ በገርጂ የመነጽር ቁጥር ለመለካት የሚመጣ ሰው ዓይኑ ቢደርቅ ምክንያቱ ስክሪን ነው ተብሎ በቀላሉ ሊታመን ይችላል። የሾግረን ትምህርት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ግልጽ የሚመስል ምክንያት መኖሩ ሌላ ምክንያት አለመኖሩን አያረጋግጥም።

የዛሬው ምርመራ ከሾግረን ዘመን ብዙ አልራቀም። የማቅለሚያው ቦታ በአብዛኛው ዓይንን በማያቃጥለው ፍሎረሲን ተተክቷል። በእርሱም የእንባው ሽፋን ከመጨረሻው ርግብግቢት በኋላ ስንት ሰከንድ ሳይሰነጠቅ እንደሚቆይ ይቆጠራል፤ ከ10 ሰከንድ ማነሱ የድርቀት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። በ2016 የወጣው የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት የጋራ መመዘኛ የሽርመርን ወረቀት አልጣለም። በ5 ደቂቃ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች መርጠቡ 1 ነጥብ ያስገኛል፤ የደም ምርመራውና የከንፈር ዕጢ ናሙናው እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ ይይዛሉ፤ በሽታው አለ ለማለት ቢያንስ 4 ነጥብ ያስፈልጋል። ይህ አመዳደብ የወረቀቱን አቅምና ገደብ ባንድነት ያሳያል። ወረቀቱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ በአንድ ሰው ላይ በተለያየ ቀን የተለያየ ውጤት ሊያሳይ ይችላል፤ የታማሚው ስሜትና የምርመራው ውጤትም ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም።

እንዲህም ሆኖ ዋጋው አነስተኛ ነው። የሚያስቸግረው 5ቱ ደቂቃ ነው፤ ወረፋ በበዛበት ክፍል ለእያንዳንዱ ታማሚ 5 ደቂቃ መጨመር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ምርመራውን በሁለት ደረጃ መክፈል ይቻላል። ለሁሉም ታማሚ ጥቂት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ ዓይኑ ይቆረቁረዋል ወይ፣ ደረቅ ምግብ ያለ ውኃ መዋጥ ይቸግረዋል ወይ፣ ጠዋት ጣቶቹ ይተሳሰራሉ ወይ፣ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ። ወረቀቱና ማቅለሚያው መልሳቸው ጥርጣሬ ላጫረባቸው ብቻ ይቀርባሉ። የሞራ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ታማሚም እዚህ ውስጥ ቢገባ ይጠቅማል፤ የደረቀ ኮርኒያ የሚተካውን ሌንስ ለመምረጥ የሚደረገውን ልኬት ያዛባልና።

ጥያቄዎቹ ራሳቸው ጥናት ይፈልጋሉ። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት አንድ የዓይን ድርቀት መጠይቅ ታማሚው በማታ መኪና ሲነዳ፣ ኮምፒዩተር ወይም የገንዘብ ማሽን ሲጠቀም፣ አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ቦታ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው ይጠይቃል። ይህ ለገርጂ የቢሮ ሠራተኛ በከፊል ይስማማል፤ በጭስ ጎጆ ውስጥ ለምታበስልና በነፋስ እህል ለምታነፍስ የገጠር ሴት ግን አይሆናትም። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ድርቀቱን በድርቀት ስም ላይጠራው ይችላል፤ አሸዋ የገባበት ይመስለኛል፣ ያቃጥለኛል ይላል፤ የተቆጣ ደረቅ ዓይን እንባ ስለሚያፈስም ዓይኔ ያለቅሳል ብሎ ሊመጣ ይችላል። እነዚህን አነጋገሮች ከወረቀቱና ከማቅለሚያው ውጤት ጋር አስተያይቶ የትኛው ቃል የትኛውን ሕመም እንደሚያመለክት መለየት በአንድ ክሊኒክ ውስጥ በጥቂት ታማሚዎች ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። ሾግረንም የጀመሩት በ19 ታማሚዎች ነበር።